ሐዋሳ ላይ ሙሉ ቤት ተከራይቶ መሰንበት

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሐዋሳ፣ ዕረፍታቸውን ሐይቅ ዳር ለማሳለፍ ለሚሹ ቤተሰቦች ተመራጭ ከሆነች ቆይታለች። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከሆቴል ይልቅ፣ ደላሎች «ፈርኒሽድ» የሚሉትን ዕቃው የተሟላ ሙሉ ቤት በቀን ሒሳብ ተከራይቶ፣ ምግብንም ራስ አብስሎ መሰንበት እየተለመደ መጥቷል። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ነዋሪ በመሆኔ፣ ዘመድ በመጣ ቁጥር ቤት መፈለግ፣ ቁልፍ መቀበልና የጎደለውን አሟልቶ መጠበቅ የእኔ ድርሻ ሆኗል። በዚህ ሁሉ የታዘብኩት፣ ቤቱን እንደ ሆቴል ቆጥሮ የመጣ ሰው ተከፍቶ እንደሚመለስ፣ ጎጆ እንደሚያስተዳድር አባወራ ወይም እማወራ ተሰናድቶ የመጣ ግን እንደሚደሰት ነው። በሆቴል መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳ፣ ውሃ ቢቋረጥ የሚሯሯጥ ሰው አለ፤ በተከራዩት ቤት ግን ያ ሰው እርስዎ ነዎት።

ቤት መከራየት ለሁሉም አያዋጣም። ሁለት ሰዎች ለአንድ ሌሊት ከሆነ የሚመጡት፣ ሽንኩርት ከመግዛት ሰሐን እስከ ማጠብ ያለው ጣጣ ዕረፍቱን ስለሚበላባቸው ሆቴል ቢያድሩ ይሻላቸዋል። ስድስትና ከዚያ በላይ ሆነው፣ ልጆችና አረጋውያን ይዘው፣ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ለሚቆዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሕፃን አጥሚት በእኩለ ሌሊት ማሞቅ ሲያስፈልግ፣ ስኳር ላለባቸው እናት ምግብ ለብቻ መሠራት ሲኖርበት፣ ወይም ግማሹ ጿሚ ግማሹ የፍስክ በላተኛ ሲሆን፣ የራስን ወጥ ቤት የሚያህል ነገር የለም።

ቤቱን ከመያዝዎ በፊት

በመጀመሪያ ቀኑን ይመርምሩ። የቅዱስ ገብርኤል በዓል በሚከበርባቸው በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ከተማዋ ከየአቅጣጫው በሚመጡ ምዕመናን ስለምትጨናነቅ፣ በእነዚህ ቀናት ቤት የሚፈልግ ሰው ከሳምንታት በፊት መያዝ አለበት፤ ዋጋውም ከወትሮው እንደሚንር ይጠብቅ። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ቀኑ የሚቆረጠው ከዋክብትን በሚያነብቡ አያንቶዎች ስለሆነ በየዓመቱ ይለዋወጣል። በዓሉን በሚከበርበት በጉዱማሌ አደባባይ ለማየት ከሆነ የሚመጡት፣ ቀኑ መቆረጡን ሳያረጋግጡ ቀብድ አይክፈሉ።

ቀጥሎ የቤቱ ቦታ ነው። በማስታወቂያ ላይ «ሐይቅ ዳር» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አሳስቷል። ሐይቅ ዳር የአንድ ክፍለ ከተማ ስም ስለሆነ፣ ቤቱ በዚያ ክፍለ ከተማ ውስጥ መገኘቱ ብቻውን ከውሃው አጠገብ አያደርገውም። ስለዚህ «ሐይቅ ዳር ነው ወይ?» ከማለት ይልቅ፣ በውሃው ዳር ያሉትን የታወቁ ቦታዎች ጠቅሰው፣ «ከፍቅር ሐይቅ ወይም ከአሞራ ገደል በእግር ስንት ደቂቃ ያስኬዳል?» ብለው ይጠይቁ። በእኔ አስተያየት ግን ከሐይቁ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ራቅ ያለ ቤት ይሻላል፤ ትንኙም፣ ጦጣውም፣ የምሽቱ ሙዚቃም ይቀንሳል፣ ኪራዩም ይረክሳል፣ ለመሄድ ሲያሻ ደግሞ ባጃጅ ከደጅ አይጠፋም። ሐይቁን ከመኝታ ቤት መስኮት ካላየሁ ለሚል ሰው ይህ ምክር አይመቸው ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ግን መጠየቅ ያለበት ስለ ወጥ ቤቱ ነው። አምና ለአክስቴ ልጅ ቤተሰብ የያዝኩት ቤት «ወጥ ቤቱ ሙሉ ነው» የተባለለት ሲሆን፣ በፎቶውም ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያብረቀርቅ ካቢኔት ይታይ ነበር። ዘጠኝ ሰው ሆነን ደርሰን ካቢኔቱን ስንከፍት ያገኘነው ሁለት ድስት፣ ያውም ትልቁ አምስት እንቁላል ከመቀቀል የማያልፍ፣ እጀታው የወለቀ መጥበሻ፣ ስድስት የቡና ሲኒና አንድ ማማሰያ ነበር። ባለቤቱን ደውለን ስንጠይቀው «ሰው የሚመጣው ውጭ ሊበላ ነው ብዬ ነው» አለን። ሰውየው አልዋሸንም፤ ካቢኔቱ በእርግጥ ሙሉ ነበር። ያልጠየቅነው እኛ ነን።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ቤት ስይዝ፣ ራሴ ሄጄ ማየት ካልቻልኩ ባለቤቱ ወይም ጠባቂው በቪዲዮ ደውሎ ካቢኔቱን አንድ በአንድ እየከፈተ እንዲያሳየኝ አደርጋለሁ። እርስዎም ይህን ለመጠየቅ አይፈሩ፤ ሊያከራይ የፈለገ ሰው አምስት ደቂቃ አይነፍግዎትም። በሚደዋወሉበት ጊዜ ትልቁ ድስት ለስንት ሰው ወጥ እንደሚበቃ፣ ምድጃው የኤሌክትሪክ ነው ወይስ የጋዝ፣ የጋዝ ከሆነም ሲሊንደሩ ሲያልቅ የሚቀይረው ማን እንደሆነ፣ ፍሪጁ እንደሚሠራና በረዶ ቤት እንዳለው፣ አልጋዎቹ አጎበር እንዳላቸው፣ ጠባቂውም ግቢው ውስጥ የሚያድር መሆኑን ይጠይቁ።

የውሃውን ነገር በቁጥር ይጠይቁ። በአንዳንድ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ወሳኙ ቧንቧው ሳይሆን ሮቶው ነው። አንድ ሰው ገላውን ታጥቦ፣ ሽንት ቤት ተጠቅሞ፣ የምግብ ዕቃ ታጥቦለት በቀን 50 ሊትር ይበቃዋል ብንል፣ አሥር ሰው 500 ሊትር ይፈጃል፤ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ እንግዲህ ለሁለት ቀን ብቻ ነው። ሮቶ መኖሩ ብቻም አይበቃም፤ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጦ በጆግ የሚቀዳበት ነው ወይስ ከፍ ተደርጎ ከቤቱ መስመር ጋር የተገናኘ፣ ያ መታወቅ አለበት።

ክፍያን በተመለከተ፣ ቤቱን ሳያዩ ሙሉውን ገንዘብ አይላኩ። ቀብዱን በቴሌብር ሲልኩ በስልኩ ላይ የሚወጣው የተቀባይ ስም ከባለቤቱ ወይም ከወኪሉ ስም ጋር አንድ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ የይለፍ ቁጥርዎን ያስገቡ። የሌሊቱ ቁጥር፣ የሰዎቹ ብዛት፣ ጠቅላላው ዋጋ፣ መብራትና ውሃ በኪራዩ ውስጥ መካተታቸውና የመያዣው መጠን በአንድ አጭር መልእክት ተጽፎ እንዲላክልዎ ያድርጉ። በቃል የተባለ ነገር ቁልፍ ሲመለስ ይረሳል። ሲገቡ መታወቂያ ይጠየቃሉና አዋቂዎቹ ሁሉ መታወቂያቸውን ይያዙ።

ከቤት ይዘው የሚመጡት

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣና የተነጠረ ቅቤ በየትንንሽ ብልቃጡ አድርገው ይምጡ፤ እዚህ የማይገኙ ሆነው ሳይሆን፣ ለሦስት ቀን የሚበቃ ብቻ መግዛት ስለማይቻልና እጅዎ የለመደው በርበሬ ሌላ ስለሆነ ነው። የተሳለ ቢላ ግዴታ ነው። በሚከራይ ቤት ውስጥ የሚቆርጥ ቢላ አይቼ አላውቅም፤ ዓሣ ደግሞ በዶለዶመ ቢላ ሲገዘገዝ ሥጋው ይበጣጠሳል። ከዚህ ሌላ የእጅ ባትሪ፣ ኤክስቴንሽን፣ ክብሪት፣ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ፣ ክዳን ያላቸው ሁለት የላስቲክ ዕቃዎች፣ ጀበናና ረከቦት ይያዙ። እንጀራ በብዛት ጭኖ መምጣት ግን አይመከርም። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ከአዲስ አበባም የምትሞቅ ስለሆነች፣ እንጀራው በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። ለመጀመሪያው ማታ የሚበቃ ይዘው፣ የቀረውን ከሰፈሩ እንጀራ ሻጮች በየቀኑ ቢገዙ ይሻላል።

የመጀመሪያዋ ሰዓት

ደርሰው ልጆቹ ከመኪና ከመውረዳቸው በፊት፣ ከጠባቂው ጋር ቤቱን ይዙሩ። የተሰነጠቀ መስታወት፣ የተሰበረ ወንበር፣ የነደደ ምንጣፍ ካለ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ወዲያው ለባለቤቱ ይላኩለት። ይህ ጥርጣሬ ሳይሆን ሥርዓት ነው፤ ጨዋ አከራይ አይቀየምበትም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቆጣሪው ይሂዱ። ካርድ ቆጣሪ ከሆነ የቀረውን መጠን በመስኮቱ ላይ ያንብቡና ይጻፉት። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት ቤት ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራቱ ድርግም ሲል፣ ሰፈሩ ሁሉ የጠፋ መስሎን ሻማ አብርተን ቁጭ አልን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንዱ ልጅ ወደ ውጭ ወጥቶ የጎረቤቶቹ መስኮት ሁሉ እንደበራ አይቶ ተመለሰ። ካርዱ አልቆ ኖሯል። ካርዱ ወደ አገልግሎት ማዕከል ተወስዶ የሚሞላ ዓይነት ስለነበር፣ ሌሊቱንና እሑድን ሙሉ በጨለማ ዋልን፤ ፍሪጅ ውስጥ የነበረው ሥጋም ተበላሸ። ስለዚህ ሲገቡ የቀረው መጠን ለቆይታዎ እንደሚበቃ አስልተው፣ ካልበቃ ሱቅና ቢሮ ሳይዘጋ እንዲሞላ ያድርጉ።

ስሌቱ አይከብድም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት የሚስብ በመሆኑ፣ ለአንድ ሰዓት ሲጋገርበት 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። የገላ መታጠቢያ ማሞቂያው፣ ማለትም ቦይለሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎዋት ነው። እነዚህን ሁለቱን ከምድጃው ጋር አብሮ ማብራት የቤቱን መስመር ስለሚያጨናንቅ ብሬከሩ ይወርዳል። ተረኛው ገላውን እየታጠበ ከሆነ ምጣዱ ይቆይ፤ ምጣዱ ከበራ ደግሞ ቦይለሩ ይጥፋ። ብሬከሩ የት እንዳለ ገና በብርሃን ጠባቂው ያሳይዎ።

ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፍተው ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይመልከቱ፤ ባለው ባልዲና ጀሪካን ወዲያው ይሙሉ። የጋዝ ምድጃ ከሆነ የሲሊንደሩን አፍ በሳሙና አረፋ ይቀቡት፤ አረፋው ከተንቦጫቦጨ ጋዝ እያፈሰሰ ነውና ሲሊንደሩን ዘግተው መስኮት ከፍተው ባለቤቱን ይጥሩ።

ከሰልን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። መብራት ሲጠፋ ብዙ ሰው ከሰሉን አቀጣጥሎ ወደ ወጥ ቤት ያስገባል፤ ቡናውም ሳሎን ውስጥ ይፈላል። አዳዲሶቹ ቤቶች መስኮታቸው ጥብቅ፣ ጣሪያቸውም ኮርኒስ የተመታለት በመሆኑ፣ እንደ ድሮው ቤት ጭሱን የሚያሳልፍ ቀዳዳ የላቸውም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ከሰል በረንዳ ላይ ብቻ ይነድ፤ ጠዋት ለሚፈላ ቡናም ሆነ ለማታ ብርድ ወደ ቤት አይግባ።

ዓሣው

ሐዋሳ መጥቶ ዓሣ ሳያበስል የሚመለስ ሰው ቤት የተከራየው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። አጥማጆቹ መረባቸውን ሲመሽ ጥለው ሲነጋ ስለሚያወጡት፣ አሞራ ገደል መድረስ ያለብዎ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጀልባዎቹ ዳር ሲይዙ፣ ከሰው ቁመት ብዙም የማያጥሩት አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ራሰ በራቸውን አቀርቅረው፣ እንደ ተጠሪ ሽማግሌ በሰልፍ ቆመው የሚጣለውን አንጀት ይጠብቃሉ። ልጆች ሊዳብሷቸው ይሻሉና እጃቸውን ይያዙ፤ መንቁራቸው ቀልድ አያውቅም።

በሐይቁ በብዛት የሚገኙት ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ናቸው። ለጥብስ ቆሮሶን የሚያህል የለም። አምባዛ ቅባታምና ትልልቅ በመሆኑ ለጉላሽ ይስማማል፤ ቢልጫ ደግሞ ጣዕሙ ጥሩ ቢሆንም መሐል ሥጋው በደቃቅ እሾህ የተሞላ ስለሆነ ልጅ ባለበት ማዕድ አይመከርም። ትኩስ ዓሣ ዓይኑ ወጣ ያለና የጠራ፣ ስንጥቡን ገለጥ ሲያደርጉት ቀይ፣ ገላውን በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚሞላ ነው። የሐይቅ ሽታ ይሸታል እንጂ አይከረፋም። ዓይኑ ሰርጉዶ ስንጥቡ ወደ ቡናማ ካዘነበለ፣ ሻጩ «አሁን የወጣ ነው» ብሎ ቢምልም ይለፉት።

ስንት መግዛት እንዳለብዎ ሲያስቡ፣ ከአንድ ሙሉ ቆሮሶ አጥንቱ፣ ጭንቅላቱና አንጀቱ ሲወጣ የሚቀረው ፊሌቶ የክብደቱ ሲሶ ያህል ብቻ መሆኑን አይርሱ። ለአሥር ሰው ለእያንዳንዱ 200 ግራም ቢመደብ 2 ኪሎ ፊሌቶ ያስፈልጋል፤ ያም ማለት 6 ኪሎ ሙሉ ዓሣ ነው። የሚያጸዱት ልጆች እዚያው አሉ፤ በጥቂት ብር ቅርፊቱን ፍቀው፣ ቆዳውን ገፍፈው፣ ሁለቱን ገጽ አውጥተው ይሰጡዎታል። ጭንቅላቱንና አጥንቱን ግን «ይጣል ወይ?» ሲሉዎት እሺ አይበሉ። ከሽንኩርት፣ ከካሮት፣ ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ለግማሽ ሰዓት ተቀቅሎ ሲጠል የሚወጣው ሾርባ ከጥብሱ የማያንስ ነው። ያመጡትን የላስቲክ ዕቃ በበረዶ ሞልተው ይያዙ፤ በጥቁር ፌስታል ተንጠልጥሎ በባጃጅ ግማሽ ቀን የሚዞር ዓሣ ቤት ሲደርስ ሌላ ዓሣ ሆኗል። በዐቢይ ጾም ዓሣ የሚበላው ስለሚበዛ ዋጋው ይጨምራል፤ ያን ጊዜ በማለዳ መድረስ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ጥብሱ እንዲሳካ ፊሌቶውን በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው፣ ጨውና ሎሚ ነክተው፣ ዱቄት ላይ አገላብጠው በደንብ በጋለ ዘይት ይጥሉት። የሚከራይ ቤት ምድጃ ብዙውን ጊዜ ደካማ ነውና ከሁለት ቁራጭ በላይ አንድ ላይ አይክተቱ፤ ዘይቱ ከበረደ ዓሣው ይዘፈዘፋል እንጂ አይጠበስም። ማባያው ከቃሪያ የሚፈጨው ዳጣ ነው፤ ከገበያ አረንጓዴውንም ቀዩንም ያገኛሉ።

በዳርቻው ጥሬ ዓሣ በዳጣና በሎሚ ሲቀርብ ያያሉ። ወዳጆቹ ብዙ ናቸው። ሎሚውም ሆነ ቃሪያው ግን በዓሣ ሥጋ ውስጥ ሊኖር የሚችለውን ጥገኛ ትል አይገድለውም። እኔ አልበላውም፤ ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ደግሞ ፈጽሞ አይሰጥ።

ከዓሣው ባሻገር ገበያው ለወጥ ቤት ባለቤት የተመቸ ነው። የሲዳማ አቮካዶ፣ አናናስ፣ ማንጎና ሙዝ በየመንገዱ ዳር ተከምሮ ያገኛሉ። አቮካዶውን ለዛሬ፣ ለነገና ለተነገወዲያ በሚል ብስለቱን ለይተው ቢገዙ፣ በመጨረሻው ቀን ሁሉም በአንድ ላይ በስሎ አይባክንም። ሲዳማዎች ዋሳ የሚሉትን ቆጮ ከአይብና ከጎመን ጋር አንድ ቀን ለምሳ ቢያደርጉት ለልጆቹ ዕውቀት ነው። ቡና ደግሞ ጥሬውን ገዝተው በረንዳ ላይ ይቁሉት። ከዚህ ምድር ሄዶ ፋብሪካ ተቆልቶ፣ በፓኬት ታሽጎ የመጣ ቡና ይዞ ወደ ሲዳማ መምጣት ትንሽ ያስቃል።

ሐይቁ፣ ጦጣውና ትንኙ

የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጥቁር ውሃ ወንዝ ቢገባበትም በገሃድ የሚወጣለት ወንዝ የለም። ይህ ማለት የምናፈስበት ሁሉ እዚያው ይቀራል ማለት ነውና፣ ድስትም መኪናም በሳሙና የሚታጠብበት ቦታ አይደለም። ለመዋኘትም ሆነ እግርን ነክሮ ለመቀመጥ በተለይ ደንገልና ሣር የበዛበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ አይመከርም። የቢልሃርዚያ ተሕዋስ በእንዲህ ያለው ቦታ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ካደገ በኋላ ወደ ውሃው ወጥቶ፣ የሰውን ቆዳ ሰርስሮ የሚገባ ነው። ሐይቁን በጀልባ ይዩት፤ ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት፣ ሁሉም ሰው የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሶ። ጃኬት የሌለው ባለጀልባ ቢያረክስልዎም አይሳፈሩ። ጉማሬዎቹ በጥቁር ውሃ መግቢያ በኩል ይታያሉ፤ ሌሊት ለግጦሽ ወደ የብስ ስለሚወጡ ከመሸ በኋላ በሣራማው ዳርቻ በእግር አይንሸራሸሩ፣ ባለጀልባውንም «ጠጋ በልልን» አይበሉት።

ጦጣዎች ከሐይቁ አቅራቢያ ባሉ ቤቶች ሁሉ የቀን እንግዶች ናቸው። አንድ ጊዜ የወጥ ቤቱን መስኮት ለአሥር ደቂቃ ከፍተን ብንወጣ፣ ስንመለስ አንዷ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ዳቦውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ልጇ ደግሞ የቅቤውን ብልቃጥ ወለል ላይ ታንከባልል ነበር። ስንገባም አልደነገጡም፤ ዳቦዋን አልለቀቀችም። ጥቁርና ነጩ ጉሬዛ አብዛኛውን ጊዜ ከዛፉ አይወርድም፤ ችግሩ ጦጣ ነው። መስኮት ይዘጋ፣ ቆሻሻ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ልጆችም ሙዝ አይስጧቸው፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደች ጦጣ ስትከለከል ትነክሳለች።

ሐዋሳ የወባ ትንኝ በሚገኝበት ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ በተለይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ሁሉም ሰው አጎበር ውስጥ ይተኛ። ሲመሽ በርና መስኮቱ ይዘጋ፣ በረንዳ ላይ የሚያመሹ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስና ሱሪ ይልበሱ። ወባ ከተነከሱ በኋላ አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ቆይቶ የሚነሳ በሽታ ስለሆነ፣ ከተመለሱ ወዲህ ትኩሳት ከያዘዎ ለሐኪሙ ሐዋሳ ሰንብተው መምጣትዎን ሳይጠየቁ ይንገሩ።

ሥራውን ስለ መከፋፈል

በየዓመቱ የማየው ነገር አለ። ወንዶቹ በረንዳ ላይ ካርታ ይጫወታሉ፣ ልጆቹ ግቢውን ያምሳሉ፣ እናትየው ደግሞ ከቤቷ ወጥ ቤት ወደ ሌላ ሰው ወጥ ቤት ተዛውራ፣ ያውም ቢላው በማይቆርጥበት፣ ሦስት ቀን ስትልጥና ስትከትፍ ትከርማለች። ይህ ለእሷ ዕረፍት አይባልም። ስለዚህ ገና ከመነሳትዎ በፊት፣ ቁርስ የሚሠራው ማን፣ ዓሣ ገበያ የሚሄደው ማን፣ ዕቃ የሚያጥበው ማን እንደሆነ ተነጋግረው ይወስኑ። እኛ ቤት የተሠራበት ሕግ አጭር ነው፤ ያበሰለ ሰው አያጥብም፣ ማታ ያበሰለም ጠዋት አይነሳም። በመጀመሪያው ዓመት የአክስቴ ልጅ ባል የጠበሰው እንቁላል ከመጥበሻው አልላቀቅ ብሎ በማንኪያ ተፍቆ ተበላ፤ ዘንድሮ ግን የእሱን የዓሣ ሾርባ የሚስተካከል አልነበረም።

ሥራው ከበዛ ጠባቂው የሰፈር ምግብ አብሳይ ሊያገናኝዎ ይችላል። ዋጋውን በቀን ነው ወይስ በማዕድ ብለው ከሴትየዋ ጋር ራሷ ባለችበት ይነጋገሩ፤ ገንዘቡንም በእጇ ይስጡ። ምሳውም አብሮ ይታሰብላት።

ሲወጡ

ከመውጫው ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው ዕቃውን ይሰብስቡ። የዓሣ ቆሻሻ በሙቀት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ግቢውን ስለሚያሸተው፣ የሚጣልበትን ቦታ ጠባቂውን ጠይቀው ራስዎ ያስወግዱት። ከሰሉን ውሃ አፍስሰው ያጥፉ፤ አመዱ ላይ የደበቀ ፍም የላስቲክ ቅርጫት ያነዳል። የቆጣሪውን ቁጥር መልሰው ያንብቡ፣ ሲገቡ ካነሷቸው ፎቶዎች ጋር ቤቱን ከጠባቂው ጋር አንድ ጊዜ ይዙሩ፣ የተሰበረ ብርጭቆ ካለ ራስዎ ቀድመው ይናገሩ። መያዣው የሚመለሰው «በኋላ እልካለሁ» ተብሎ ሳይሆን ቁልፉን በሚያስረክቡበት ደቂቃ ነው። ለጠባቂው ጉርሻ ሲሰጡ ስልኩን ይቀበሉት፤ የሚቀጥለውን ዓመት ቤት ያለ ደላላ የሚያገኝልዎ እሱ ነው። ፍሪጁን ነቅለው ከወጡም በሩን ገርበብ አድርገው ይተዉት፤ ተዘግቶ የሰነበተ ፍሪጅ ይሻግታልና።